ጉርድ ምክር ቤት

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ለወያላው ሁለት ጊዜ አደራ ብለውታል። «ልጄ፣ ፌዴሬሽኑ ጋ ስትደርስ እንዳትረሳኝ፤ አገሩን አላውቀውም።» ልጁም ሁለቱንም ጊዜ «ችግር የለም ፋዘር!» አላቸው። ቃሉን አክብሮ ጉርድ ሾላ ስንደርስ «ፌዴሬሽን ወራጅ!» ብሎ ጮኸና ክንዳቸውን ደግፎ አወረዳቸው። እኔም ሰፈሬ ነውና አብሬ ወረድኩ። ከኮታቸው በላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ ወፍራም ፋይል ይዘዋል። በሩ ላይ ካለው ጥበቃ ጋር ሲነጋገሩ ቆሜ አየሁ። ጥበቃው ያሳዩትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበና በትሕትና መለሰላቸው።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ የሯጮች ነው።»

ጎበዝ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጉርድ ሾላ መሆኑን የማያውቅ የዚህ መስመር ወያላ የለም፤ «ፌዴሬሽን» ያለ ሰው ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል? ሽማግሌው የሚፈልጉት ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ነበር። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ መገናኛ ላይ አንዱን ጠይቀው፣ እርሱም «ያችን ታክሲ ያዙ» ብሏቸው ነው የመጡት። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ይህን ስሰማ ነው። «ይምጡ አባቴ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ፤ አንድ ሻይ እንጠጣ» አልኳቸውና አስፋልቱን አሻግሬ እኔ ወደማዘወትራት ሻይ ቤት ወሰድኳቸው።

ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ሲፈቱት የማኅተም ዓይነት ነው ያየሁት። ክብ ማኅተም፣ ግማሹ የደበዘዘ ማኅተም፣ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም። ጉዳያቸው የማንነት ጥያቄ የሚባለው ነው። የትውልድ ቦታቸውን አልጽፍም፤ ቢጻፍም ብዙ አንባቢ አያውቀውም። ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል፣ ከክልል ደግሞ «ጥያቄያችሁ በሂደት ላይ ነው»። አቤቱታውን መጀመሪያ የፈረሙት ሽማግሌዎች ብዙ ነበሩ፤ ከመሐላቸው የሞቱ አሉ። የአሁኑን የመንገድ ገንዘብ ቀበሌው አዋጥቶ ነው። «መሬት ስጡን አላልንም ልጄ» አሉኝ ስኳሩን እያማሰሉ፤ «ልጆቻችን በምን ቋንቋ ይማሩ ነው ያልነው። ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ ተባልን። ካለ ይታይልን፣ ከሌለም የለም በሉን።»

ስሕተቱ የወያላው አልነበረም። እስቲ አንባቢዬም ራስዎን ይጠይቁ፤ ከሁለቱ ፌዴሬሽኖች የትኛውን ያውቃሉ? የሯጮቹ ፌዴሬሽን ማንን ለማራቶን እንደመረጠ፣ ማንን እንዳስቀረ፣ ለምን እንዳስቀረ ጉርድ ሾላ ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ሳይቀር ይተነትናል። የሌላኛውን ፌዴሬሽን አፈ ጉባኤዎች እስቲ ይቁጠሩ ቢባል ግን አልማዝ መኮ፣ ሙላቱ ተሾመ፣ ደግፌ ቡላ፣ ካሣ ተክለብርሃን፣ ያለው አባተ እያለ የሚዘልቅ ሰው ስንት ይገኛል? ብዙዎቻችን ያንን ቤት የምናውቀው በኅዳር 29 ነው። ከ1999 ጀምሮ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በየዓመቱ ሲከበር ድግሱ የእርሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ የባህል ልብስና ጭፈራ ያሳየናል። ጭፈራው ደስ ይላል፤ እኔም አያለሁ። ነገር ግን የአገሪቱን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠውን ቤት ሕዝብ በጭፈራው ብቻ ካወቀው አንድ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ቤት እንዲህ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው ብል አላፍርም። ፓርላማ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ታችኛውን፣ ማለትም የሕዝብ ተወካዮችን ነው። «ላይኛው» የት አለ?

ላይኛው ምክር ቤት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የሚባል ነበረ። አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ይሾማሉ። በ1948 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የታችኛው፣ የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተፈቀደ፤ መወሰኛው ግን በሹመት ቀጠለ። አንድ ሹም ከሥልጣን ገለል እንዲል ሲፈለግ ሴኔት ይገባል፤ ነገሩ ጡረታም ግዞትም ነበር። ያም ሆኖ ሕግ በዚያ ቤት ሳያልፍ አይወጣም ነበር። ደርግ መጣ፣ ሁለቱንም ዘጋ። በ1980 የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ ባለ አንድ ቤት ነበር።

ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣና ሁለት ምክር ቤት አለ። የፌዴሬሽኑ ምክር ቤት በአንቀጽ 61 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ቤት ነው። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሰው ይኖረዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ያለው ደግሞ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ። አንቀጽ 62 ሥልጣኑን ይዘረዝራል። ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ በክልሎች መካከል የሚነሳ አለመግባባት ይፈታል፣ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ ይዳኛል፣ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ይደለድላል፣ ክልል ሕገ መንግሥቱን አደጋ ላይ ከጣለ ፌዴራል መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ያዛል። ትልቅ ሥልጣን ነው። የሌለው አንድ ነገር ቢኖር የምክር ቤት ዋና ሥራ የሚባለው ነው፤ ሕግ አያወጣም። አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል፣ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ላይኛው ቤት ስለ መሬት አዋጁም፣ ስለ ምርጫ ሕጉም፣ ስለ ግብሩም ድምፅ አይሰጥም።

እንዲህ ያለ ላይኛው ምክር ቤት በዓለም ብዙ የለም። ጀርመኖችም ላይኛው ቤታቸው ውስጥ የክልል መንግሥታትን ወኪሎች ነው ያስቀመጡት፤ ነገር ግን የክልሎችን ጥቅም የሚነካ ሕግ ያለ እነርሱ ይሁንታ አያልፍም። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ደግሞ ሌላ ነው፤ ካርልስሩኸ የተቀመጠ ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት። የእኛ ቤት ሕጉ ሲወጣ የለም፣ ሕጉ ሲያጣላ ይጠራል። ሰፈራችን ስሟን ያገኘችው ከተቆረጠ ሾላ ነው ይባላል። ሾላ በገጠሩ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ዛፍ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ጉርድ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ዳኝነቱ ከነሥሩ አለ፣ ቅርንጫፉ ግን የለም።

የእንግሊዞች ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። የእነርሱ ላይኛው ቤት፣ የጌቶች ምክር ቤት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ነበር። በኋላ ግን ሕግ በሚወጣበት ቤት ዳኝነት አብሮ መቀመጡ አላማራቸውም፤ በመስከረም 2002፣ በእነርሱ 2009 መሆኑ ነው፣ ዳኞቹን አውጥተው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቋቋሙላቸው። እነርሱ ዳኝነቱን አውጥተው ሕጉን አስቀሩ። እኛ ሕጉን አስቀርተን ዳኝነቱን አስገባን። እውነቱን ለመናገር የእኛ ምርጫ ምክንያት አልባ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁትና ያጸደቁት ሰዎች ክርክር ቀላል ነበር፤ ይህ ሰነድ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ነው፣ ቃል ኪዳኑን መተርጎም ያለባቸውም ባለቃል ኪዳኖቹ ናቸው፣ ጥቂት ዳኞች ለምን ይወስኑባቸዋል? የንጉሡንና የደርግን ችሎት ያየ ትውልድ ዳኛ አላምንም ቢል አይፈረድበትም።

ጥያቄው ባለቃል ኪዳኖቹ እነማን ሆነው መጡ የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች ይምረጡ፣ ወይም በቀጥታ ሕዝቡ እንዲመርጣቸው ያድርጉ ይላል። ሁለት መንገድ ተሰጥቷል። ክልሎቹ ሁልጊዜ የሄዱት በመጀመሪያው ነው። በቀጥታ በሕዝብ ተመርጦ የመጣ አንድም አባል የለም። ማንን ላኩ ቢሉ ርዕሰ መስተዳድሩን፣ የቢሮ ኃላፊውን፣ የዞን አስተዳዳሪውን ሲልኩ ኖረዋል። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ክልሉ ውስጥ ይሾማል፣ ይሽራል፣ በጀት ያዛል። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ ዳኛ ይሆናል። የእኔ ሽማግሌ የሚከሱት ክልላቸውን ነው። ክሱን ሊሰማ ከሚቀመጡት መካከል አንዱ ያንኑ ክልል የሚያስተዳድር ሰው ቢሆን ምን ይላሉ? «ይግባኝ ለማን?» ነው የሚሉት እንጂ!

የአጣሪ ጉባኤውን አልረሳሁትም። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚባል ባለ 11 አባላት አካል አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ከምክር ቤቱ የሚወከሉ ሦስት አባላት። ጉዳዩን አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። ሠላሳ ቀን የምትለዋን ቁጥር ለሽማግሌው ስነግራቸው «የወር ነገር ነው በለኛ!» አሉና ፊታቸው በራ። በ1992ቱ ምርጫ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ የአካባቢውን ቋንቋ አትችሉም ተብለው ከዕጩነት የተሰረዙ ሰዎች ነበሩ። ምክር ቤቱ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃቸው ነበር ብሎ የወሰነው በ1995 ነው። ውሳኔው እንደ እኔ እንደ እኔ መልካም ነበር። ምርጫው ግን ካለቀ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነበር። ይህንን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም።

ቤቱ ምንም አልሠራም የሚል ሰው ካለ እኔ የለሁበትም። በ1993 የስልጤ ሕዝብ ራሱ በድምፁ ማንነቱን እንዲወስን በር የከፈተው ይኸው ምክር ቤት ነው። በ1996 አንዲት ሴት የውርስ ክርክሯን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልተስማማሁም ብላ እስከ መጨረሻው ስትሟገት፣ ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ አይጸናም ያለላትም እርሱ ነው። አንድ ሰው ብቻውን፣ ፓርቲም ክልልም ሳይኖረው፣ እዚያ ድረስ ሄዶ ሊረታ እንደሚችል ያየሁበት ጉዳይ ስለሆነ ሁልጊዜ አነሳዋለሁ። ልብ በሉ፤ በዚያ ጉዳይ ውስጥ የሚነካ የክልል ሥልጣን አልነበረም። ባለሥልጣን የማይነካበት ጉዳይ ሲሆን ያ ቤት በደንብ ይዳኛል።

የሚነካበት ሲሆንስ? 2012ን እናንሳ። ኮሮና መጣ፣ ምርጫው አይካሄድም ተባለ፣ የምክር ቤቶቹ ዘመን ሊያልቅ ሆነ። የተወካዮች ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ትርጉም ይሰጥልኝ ብሎ ጠየቀ። በዚያ ግንቦት አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን ጠርቶ በቴሌቪዥን በይፋ አከራከረ። እኔ ቤቴ ተዘግቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ደጋፊውም ተቃዋሚውም አንቀጽ 54ን፣ 58ን፣ 93ን እየጠቀሰ ሲነጋገር ሳይ፣ በዚህ አገር ሰው ሳይሳደብ ይከራከራል ለካ ብዬ ተደነቅኩ። ብዙ ሳይቆይ ሰኔ 1 ቀን አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሰኔ 3 ምክር ቤቱ ተሰብስቦ የምክር ቤቶቹን ዘመን አራዘመ። ክርክሩ ቀናት ወስዶ ነበር፤ ውሳኔው ግን በአንድ ቀን ስብሰባ አለቀ። ካራዘሙት ዘመን ውስጥ የክልል ምክር ቤቶቹና የክልል መንግሥታቱ ዘመን ይገኛል። ድምፅ ከሰጡት መካከል ብዙዎቹ የእነዚያው ክልሎች ሹማምንት ነበሩ። ውሳኔው ትክክል ነው፣ አይደለም የሚለውን ሙግት ለሕግ አዋቂዎች እተወዋለሁ። ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሆኖ እንደማይቀመጥ ግን ሕግ ያልተማረችው እናቴም ታውቀዋለች።

ከዚያ የመጣው ከባድ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። በነሐሴ 30 ምክር ቤቱ ትግራይ ልታካሂደው የነበረውን ምርጫ ተቀባይነት የለውም አለ። ትግራይም ምርጫውን አካሄደች። በመስከረም 27 ቀን 2013 ፌዴራል መንግሥት ከክልሉ አመራር ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲያቋርጥ ተወሰነ። አንድ ወር ሳይሞላ ጦርነት። ጦርነቱን ምክር ቤቱ አመጣው አልልም፤ ብዙ እጅ አለበት። እኔን የሚቆጨኝ በዚያ ወቅት ሁለቱም ወገን የሚያምነው፣ «እስቲ እርሱ ይፍረደን» የሚለው አንድ ቤት አለመኖሩ ነው። ሕገ መንግሥቱ ያን ቤት ያቆመው ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር። አንዱ ወገን ዳኛዬ አይደለም ካለ፣ ዳኛው እዚያ ቁጭ ብሎ የሚያወጣው ወረቀት ወረቀት ነው።

ይህን ሁሉ እያብላላሁ ሻዬ ቀዝቅዞ ኖሯል። ሽማግሌው ድንገት ቀና ብለው አዩኝና «ለመሆኑ ያንተ ወኪል ማነው እዚያ?» አሉኝ።

«የእኔ?»

«አዎ፣ ያንተ። የዚህ የጉርድ ሾላው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። ለተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አበባ 23 መቀመጫ አላት፤ እዚያ እመርጣለሁ። ለከተማው ምክር ቤትም እመርጣለሁ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚልኩት ግን የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ክልል አይደለችም። ድሬዳዋም እንዲሁ። «ወኪል የለኝም አባቴ» አልኳቸው።

«እንዴት ይሆናል! ብሔር የለህም እንዴ?»

ይኸውላችሁ ነገሩ። አባቴ ከአንድ ወገን፣ እናቴ ከሌላ ወገን ናት፤ እኔ እዚሁ ሾላው ሥር ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። በአንዱ በኩል ወኪልህ አለልህ ልባል እችላለሁ። ያንን ወኪል የሚልከው ግን እኔ የማልመርጠው የክልል ምክር ቤት ነው። ቢያጠፋ አልሽረው፣ ቢያለማ አላመሰግነው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ታዝኜላቸው ሻይ የጋበዝኳቸው ሰውዬ በተራቸው አዘኑልኝ። እርሳቸው ባይሰማቸውም በር አላቸው፤ ያንኳኳሉ። እኔ የማንኳኳው በር የለኝም።

ይህ የስሜት ነገር ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም አላት ይላል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ተብሎ ነበር። በሰኔ 2009 ረቂቅ ተዘጋጅቶ ለተወካዮች ምክር ቤት ተመርቶ ሳይጸድቅ ቀረ። በነሐሴ 2014 ደግሞ ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰን ጉዳይ ተስማማን አሉ፤ ሹማምንት ተነጋግረው ጨረሱት፣ ነዋሪው በዜና ሰማ። ነገ ባይስማሙ ጉዳዩ የት ይሄዳል? ወደዚያው ቤት። እዚያ ቤት ውስጥ አንደኛው ተከራካሪ ብዙ መቀመጫ አለው፤ ሌላኛው፣ ይህ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ከተማ፣ አንድ ሰው የለውም። ይህን የምለው የኦሮሚያ ጥያቄ ትክክል አይደለም ለማለት አይደለም፤ ተገላቢጦሹ ቢሆንም ያው ነው የምለው።

ምን ይደረግ? ተማሩ የሚባሉት ሰዎች መልስ «የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይቋቋም» ነው። ጉርድ ሾላን አለፍ ስትሉ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እዚያ ፌዴራሊዝም የተማረ አንድ ወዳጄ ይህንን ሐሳብ ሌሊት ቀስቅሳችሁት ያስረዳችኋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም ዕድሜ ከሰጠኝ ባየው ደስ ይለኛል። ሆኖም ሕገ መንግሥት ማሻሻል ይጠይቃል፤ ለዚያም የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የሁለት ሦስተኛ ክልሎች ምክር ቤቶች ስምምነት ያስፈልጋል። በ2014 የተቋቋመው የምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲያሰባስብ ሰው ሁሉ ይህንኑ ተስፋ ሲያደርግ ነበር። የእኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። ዳኞቹን የሚሾመው ያው እጅ ከሆነ ካባ ቀየርን እንጂ ምን ቀየርን?

ደግሞም አንዲት ፊደል ሳትነካ የሚሠራ ነገር እያለ ለምን ሩቅ እንሄዳለን? አንቀጽ 61 ሕዝብ በቀጥታ ይምረጣቸው የሚለውን መንገድ ከ1987 ጀምሮ ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል። አሜሪካኖች ሴናተሮቻቸውን በክልል ምክር ቤቶች ሲያስመርጡ ኖረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1913 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ለሕዝቡ ሰጡ። እኛ ማሻሻል እንኳ አያስፈልገንም፤ አንድ ክልል ብቻ ጨክኖ «የእኔን ወኪሎች ሕዝቤ ይምረጣቸው» ቢል ነገሩ ተጀመረ። በሕዝብ የተመረጠ ሰው ክልሉን የሚቃወም ድምፅ ቢሰጥ በማግስቱ ከቢሮ ኃላፊነቱ አይነሳም፤ ቢሮ የለውማ። ከዚያ በፊትም ቢሆን የክልሉን ካቢኔ አባል ለዚያ ቤት አለመላክ ይቻላል። የጉዳይ መዝገቦች የት እንደደረሱ በየወሩ መለጠፍ ይቻላል። በ2012 ግንቦት ያየነውን ዓይነት ችሎት ለሁሉም ትልልቅ ጉዳዮች መክፈት ይቻላል። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1261 የ1993ቱን 251 ሲተካ አሠራሩን ለማስተካከል ሞክሯል፤ አዋጅ ግን ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ካልነካ የሚያስተካክለው የወረቀቱን ጉዞ ነው።

ስለ ወረቀት ካነሳን የቁጥሩንም ነገር አንርሳ። መቀመጫው በሚሊዮን ይቆጠራል፣ የድጎማው ቀመርም የሕዝብ ብዛት ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። የመጨረሻውን የቆጠርነው በ1999 ነው፤ ያን ጊዜ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ቆጠራውን ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ያቺ አንድ ዓመት ብዙ ዓመት ወለደች። በዚህ መሐል በአንድ ክልልነት ይታወቅ የነበረው ደቡብ፣ በኅዳር 2012 ከተካሄደው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ጀምሮ እየተከፈለ አራት ክልል ሆነ፤ የክልሎቹ ቁጥር 12 ደረሰ። ያንን ሁሉ ሕዝበ ውሳኔ ያስተናገደው ይኸው ላይኛው ቤት ነው። ክልል ሲወለድ አዋላጅ ነበር፤ ስንት ሰው እንደተወለደ ግን አይቆጥርም።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ አልሰሙኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ምን ያደርግላቸዋል? የነገርኳቸው መንገዱን ነው። «ነገ ጠዋት በባቡር ወይ በታክሲ መገናኛ ይሂዱ፤ ከመገናኛ አራት ኪሎ የሚለውን ይያዙ። ሲወርዱ ፌዴሬሽን ብቻ እንዳይሉ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይበሉ።» ወረቀት ላይ ጻፍ አሉኝ፤ በትልልቁ ጻፍኩላቸው። ፋይሉን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ አሰሩ። የሻዩን ሒሳብ ልክፈል ብለው ተጣሉኝ፣ አሸነፍኳቸው።

በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። «ስምህን ልጻፈው እንዴ?» አሉኝ።

«የቱ ላይ አባቴ?»

«አቤቱታው ላይ። ከሰማችሁን፣ አንድ ጉርድ ሾላ ያለ ሰውም ወኪል የለኝም ብሏል ብዬ ልንገራቸው።»

እየቀለዱ መሰለኝና ሳቅኩ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ እስክሪብቶ ይፈልጉ ነበር።